ለ«ዝገት» ባንድ አባላት፣ ከጣሪያችሁ በላይ ከምትኖረው ልብስ ሰፊ

የተከበራችሁ፣ የተፈራችሁ፣ በእኔም በኩል በተደጋጋሚ የተከሰሳችሁ የ«ዝገት» ባንድ አባላት ሆይ፤

ይህ ደብዳቤ ሲደርሳችሁ ሁላችሁም ከነቤተሰቦቻችሁ በሙሉ ጤና እንድትገኙ እመኛለሁ። ጉሮሯችሁ እንዳይከረክር፣ ወገባችሁን እንዳያማችሁ፣ በተለይም አዲሱን አልበማችሁን ስትቀርጹ ከልክ በላይ ላለመድከም ያደረጋችሁት ከፍተኛ ጥንቃቄ ፍሬ አፍርቶ ረጅም ዕድሜ እንድትኖሩ ከልቤ እለምናለሁ። እኔና ባለቤቴ ደህና ነን። አልበሙ እስኪወጣ ድረስ ማለቴ ነው።

ዝና ብዙ ነገር ያስረሳልና ማን እንደሆንኩ ላስታውሳችሁ። ምድር ቤቱን ተከራይታችሁ በምትለማመዱበት ዘመን ሁሉ አንደኛ ፎቅ ላይ የስፌት መኪናዬን ይዤ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። ለአከራያችን ሦስት ጊዜ፣ ለፖሊስ ደግሞ አንድ ጊዜ አቤት ያልኩባችሁ፣ ወለሉን በመጥረጊያ እንጨት የደበደብኩባችሁ፣ እናንተም «እትዬ ጸጥታ» የሚል ስም ያወጣችሁልኝ ሴት ነኝ። ስሙን ያወጣው «ዶዘር» የምትሉት ድራመራችሁ መሆኑን ያኔም አውቅ ነበር። አቤት በማለቴ እንደተጸጸትኩ እንዳይመስላችሁ፤ አንዲት ደንበኛዬ ለሠርግ ያሰፋችው ቀሚስ ጠርዙ በጊታር ሶሎአችሁ ምክንያት እባብ የሄደበት መንገድ መስሎ ስላለቀ፣ ፈትቼ እንደ አዲስ የሰፋሁት እኔ እንጂ እናንተ አይደላችሁም።

አንድ ቀን ትዕግስቴ ተሟጥጦ ባለቤቴን ወደ ታች ላክሁት። ልክ ልካቸውን ነግረህልኝ ና ብዬው ነበር። ሄዶ ቀረ። ሰፍቼ ሰፍቼ፣ የራት ሰዓት ሲደርስ እጁ ጠቁሮ፣ ፊቱ በርቶ መጣ። ለካስ የዶዘር የእግር ፔዳል በተሰበረበት ሰዓት ስለደረሰ፣ የብየዳ ዕቃውን ከወርክሾፑ አምጥቶ ሲጠግንላችሁ ነው የቆየው። ስድብ ይዞ የሄደ ሰው ፔዳል በይዶ ተመለሰ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔ ከሳሻችሁ፣ እሱ ጠጋኛችሁ ሆነን አንድ ቤት ኖረናል።

ባለቤቴ ዕድሜውን የውሃ ታንከር በሚሠራበት ወርክሾፕ የጨረሰ በያጅ ነው። ታንከር ከውጭ ብቻ ሳይሆን ከውስጥም ይቀጠቀጣል፤ ሰው ገብቶበት። እንዲህ ያለ ሥራ ከጆሮ ላይ በጥቂት በጥቂቱ ያነሳል። መጀመሪያ የሄዱበት ቀጫጭኖቹ ድምፆች ናቸው፤ የበር ደወል፣ የስልክ ጥሪ፣ ወፉ፣ ቀጥሎም የእኔ ድምፅ። አንዳንድ ጎረቤቶች ይህን የመጨረሻውን እንደ መታደል ቆጥረውለታል። ከዚያ ሬዲዮኑ ዝም አለበት፣ የሰው ጨዋታ ዝም አለበት። ሐኪም ያዘዘችለት የጆሮ መሣሪያ ሁሉንም ነገር ፉጨት እያደረገ ሲያሰቃየው መሳቢያ ውስጥ ከተተው። በዓለም ላይ የቀራችሁለት እናንተ ብቻ ነበራችሁ።

ከሥራ ሲገባ ጫማና ካልሲውን አውልቆ፣ ልክ ከዶዘር ድራም በላይ ባለው ጥግ በርጩማ ስቦ ይቀመጥና ባዶ እግሩን ወለሉ ላይ ያሳርፋል። ቤዙ በተረከዜ ይገባል፣ ድራሙ ጉልበቴ ድረስ ይወጣል ይለኝ ነበር። ምቱን ትከሻዬ ላይ በጣቱ ይመታልኝና የትኛው ዘፈን እንደሆነ ሳውቅ፣ መርፌዬን ከአፌ አውጥቼ ፊት ለፊቱ እዞርና ግጥሙን ያለ ድምፅ በከንፈሬ እልለታለሁ። እሱ ከከንፈሬ ያነባል። አዎ፣ ግጥሞቻችሁን አንድ ሳይቀር በቃሌ አውቃቸዋለሁ። ስለ እሳት፣ ስለ አጽምና ስለ ዓለም ፍጻሜ የምትጮሁትን ሁሉ የምሰፋው ጨርቅ ጭኔ ላይ እንደተዘረጋ ለባሌ ስልለት ኖሬአለሁ። ሌላ ባልና ሚስት በራት ሰዓት የሚጫወተውን፣ እኛ በእናንተ ልምምድ ሰዓት ነበር የምንጫወተው። ከዚያ ውጭ በቀን ውስጥ የምንነጋገረው ጨው አቀብዪኝ፣ በሩን ዝጋው ያህል ነበር።

አምና ዕቃችሁን ጭናችሁ ግድግዳው በስፖንጅ ወደተለበጠ ስቱዲዮ ሄዳችሁ። ምድር ቤቱ እስከ ዛሬ ባዶ ነው፤ በሩ ላይ «የሚከራይ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ባለቤቴ ቅር ቢለውም፣ አልበሙ ሲወጣ ቤታችን ድረስ እናስገባቸዋለን ብሎ ተጽናና። ያገለገለ ትልቅ ስፒከር ገዛ። ከወርክሾፑ ቁርጥራጭ ብረት መቆሚያ ሠራለት፣ መቆሚያውን ደግሞ ንዝረቱ እንዳይባክን ብሎ ከወለሉ ጋር በብሎን አሰረው። እኔ ለአንድ አልበም ወለል የሚበሳ ሰው ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። አልበሙም ወጣ፤ ስሙም «ላባ» ተባለ። እንግዲህ ቅሬታዬን በቅደም ተከተል እንዳቀርብ ይፈቀድልኝ።

አንደኛ፤ የሽፋኑን ፎቶግራፍ በተመለከተ። ነጭ ሸሚዝ ለብሳችሁ ሣር ላይ መቀመጣችሁን አይቻለሁ፤ ሸሚዞቹ በደንብ የተሰፉ ናቸው፣ ለሰፊው ምስጋናዬን አድርሱልኝ። ሆኖም ክቡር ዶዘርን፣ ያንን ሲወርድ ደረጃውን የሚያንቀጠቅጠውን ሰው፣ መዳፉ ላይ ላባ አስቀምጦ ሲተነፍስበት ባየሁ ጊዜ የደረሰበት ነገር አለ ብዬ ደነገጥኩ። ታሞም ከሆነ እግዜር ይማረው።

ሁለተኛ፤ የመጀመሪያው ዘፈን በዝናብ ድምፅ ይጀምራል። ከዝናቡ በኋላ አንድ ሰው ያንሾካሽካል፣ ከሹክሹክታው በኋላ ቫዮሊን ይመጣል፣ ከቫዮሊኑ በኋላ ዘፈኑ ያልቃል። ስለ ዝናቡ አመሰግናለሁ፤ ነገር ግን ቤታችን መስኮት አለው።

ሦስተኛ፤ ዶዘር ዱላውን ጥሎ የመጥረጊያ ጭራ የመሰለ ነገር መያዙን ተረድቻለሁ። ሙዚቃ የሚያውቅ የእህቴ ልጅ ይህ የታወቀ የአመታት ስልት ነው ብሎ አስረድቶኛል፤ ተቀብያለሁ። እኔም በየጠዋቱ ቤቴን በዚሁ ስልት ስጠርግ ኖሬ እስከ ዛሬ ያጨበጨበልኝ ስለሌለ ግን ትንሽ ከፍቶኛል። ደግሞም ያ ባለቤቴ የበየደው ፔዳል በዘጠኙም ዘፈኖች ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ አልተረገጠም። ብየዳው ለቆ ከሆነ መልእክት ብትልኩ ይመጣላችሁ ነበር።

አራተኛ፤ ነበረኝ፣ ግን ለጊዜው ልለፈው።

አምስተኛ፤ ድምፃዊያችሁ በሬዲዮ የሰጡትን ቃለ መጠይቅ ሰምቻለሁ። ከጩኸት ወደ ዝምታ ማደጋችሁን፣ አድማጫችሁም አብሯችሁ መብሰሉን፣ ዛሬ ጩኸት የሚያስፈልገው ሰው አለመኖሩን በዚያ በአዲሱ ለስላሳ ድምፃቸው አብራርተዋል። እንኳን ደስ ያላችሁ። ዝምታን ለማግኘት ብዙ ዓመት እንደፈጀባችሁ ነግረውናል፤ ቢያማክሩን ኖሮ እኛ ቤት ሞልቶ ተርፏል፣ በነጻ እንሰጣችሁ ነበር። ጋዜጠኛውም በጣም ትሑት ስለነበር፣ ከዓመት በላይ በተለፋበት አልበም ውስጥ ድራሙ የት እንደገባ ሳይጠይቃቸው አሰናበታቸው።

አሁን ወደ አራተኛው ልመለስ፤ ያለፍኩት ረስቼው አይደለም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር። ደንበኛ እንዳይመጣብን በሩን ቆለፍኩ። ባለቤቴ ለእናንተ ክብር ብሎ የተተኮሰ ሸሚዙን ለበሰ፣ ጫማውን አወለቀ፣ በርጩማው ላይ ተቀምጦ አንድ እጁን ስፒከሩ ላይ ጫነ። እኔ ከአልበሙ ጋር የመጣውን የግጥም ወረቀት ይዤ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩና አልበሙን ከፈትኩለት። ጠበቀ። ዝናብ ነው ብዬ በእጄ አሳየሁት፤ ራሱን ነቅንቆ እንደገና ጠበቀ። ሹክሹክታው ሲመጣ ግጥሙን በከንፈሬ ማለት ጀመርኩ። አየኝና እግሩን አንስቶ ሌላ ቦታ አሳረፈ። ከዚያ ተነስቶ ገመዱን ከሶኬቱ ነቅሎ መልሶ ሰካው። ብሎኖቹን አጠበቀ። ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍ ሲያደርገው እኔን ቫዮሊኑ ጥርሴ ድረስ ዘለቀኝ፤ እሱ ጋ ምንም የለም። ይሠራል ወይ፣ እስቲ ንኪው አለኝ። እንደሚሠራ ነገርኩት። አላመነኝም፤ እሱን ለማባበል ግጥም ከራሴ የፈጠርኩለት መሰለው። በቃ ተይው፣ አትልፊ አለኝ። እግሩን እያየም፣ እሱም ደነቆረ ማለት ነው አለ።

ክቡራን ሆይ፣ ይህ ሰው ጥፋቱን ወደ እናንተ አላደረገም። የተበላሸው እግሬ ነው ብሎ ነው የተነሳው። እነሱ ናቸው የለሰለሱት ብዬ ብምልለት፣ ዶዘር በመጥረጊያ ነው የሚመታው ብዬ ብነግረው፣ ዘመዱን የሰደብኩበት ያህል ተቆጣኝ። ዶዘር እንዲህ አያደርግም፣ ዶዘርን አውቀዋለሁ ብሎ ተሟገተላችሁ። በማግስቱ ስፒከሩን ፈትቶ ቁም ሳጥን ውስጥ ከተተው። የብሎኖቹ ቀዳዳ ወለሉ ላይ ቀርቷል፤ ስጠርግ ክር እየገባበት ያናድደኛል። ከዚያ ወዲህ ቤት ውስጥ ካልሲውን አያወልቅም። ትከሻዬንም አልነካም። እኔ ከመኪናዬ፣ እሱ ከበርጩማው ሆነን እንተያያለን። በጣም ተናድጄባችኋለሁ። ለዓመታት ዝም በሉ ስላችሁ እንቢ ብላችሁኝ፣ ዝም እንዳትሉ የፈለግኩባት አንዲት ቀን ስትመጣ ታዛዥ ሆናችሁ ተገኛችሁ።

ስለዚህ ሌላ አልበም ሥሩልኝ አልልም፤ በስላችኋልና ያበሰለው ያውቃችኋል። አንድ ነገር ብቻ እለምናለሁ። ምድር ቤቱ ባዶ ነው። ክቡር ዶዘር በሚመቸው ቀን ከሰዓት በኋላ ድራሙን ይዞ ይምጣና ከመጀመሪያው አልበማችሁ ከ«እቶን» አንዲት ዘፈን፣ አንዲት ብቻ፣ በዱላው ይምታልኝ። ቁልፉን ከአከራዩ እኔ እቀበላለሁ። ደረጃው ጠባብ ስለሆነ ዕቃውን በመሸከም አግዛለሁ። በጩኸቱ ምክንያት አቤት የሚል ጎረቤት ቢነሳ መጀመሪያ በእኔ በር ማለፍ አለበት፤ አቤቱታ እንዴት እንደሚጻፍም እንዴት እንደሚከሽፍም ከእኔ በላይ የሚያውቅ በዚህ ሕንፃ ውስጥ የለም።

ለሰጣችሁን እረፍት፣ ለዝናቡ፣ ለቫዮሊኑ፣ ለነጩ ሸሚዝና ለላባው በድጋሚ እያመሰገንኩ፣ ሣሩ ላይ ብዙ ቁጭ ብላችሁ ብርድ እንዳይመታችሁም እየተማጸንኩ፣ በፍጹም ትሕትና እሰናበታለሁ።

አክባሪያችሁ፣
ከሳሻችሁና የግጥማችሁ ሸምዳጅ፣
የቀድሞዋ እትዬ ጸጥታ (ስሙ ከአሁን ጀምሮ ለእናንተ ስለሚገባ በክብር አስረክቤአለሁ)

ማሳሰቢያ፤ ደብዳቤውን ጽፌ፣ አድራሻችሁን ስለማላውቅ እንዲያወጣልኝ ለጋዜጣ ሳልሰጥ ምድር ቤቱ ተከራየ። የገባበት ማተሚያ ቤት ነው፤ ያመጡት ማሽንም አሮጌና ከባድ ስለሆነ ለማስገባት በሩን ከነፍሬሙ ነቀሉት። ትናንት ምሳ ላይ ሳለን ማሽኑ ተነሳ። ባለቤቴ ጉርሻው አፉ ውስጥ እንዳለ ቆመ። ወደ ታች አየ። ካልሲዎቹን አወለቀና እግሩን ወለሉ ላይ አሳርፎ ብዙ ቆየ፤ ከዚያ እየሳቀ፣ መጡ፣ እግሬም ደህና ነው አለኝ። ትከሻዬን መምታት ጀመረ። ዘፈኑን አላውቀው፣ ምን ልበል? አጠገቤ የነበረው፣ የማተሚያ ቤቱ ሠራተኛ ለልብስ ንድፍ ይሆንሻል ብሎ የሰጠኝ የተበላሸ ወረቀት ነው፤ የተባይ መድኃኒት ላይ የሚለጠፍ። ፊት ለፊቱ ዞሬ፣ ከሕፃናት እጅ ይራቅ፣ ከምግብ ጋር አይቀመጥ፣ ከነፋስ በተቃራኒ ቆመው አይርጩ እያልኩ እስከ ታች ወረድኩለት። በጥሞና ተከታትሎኝ ሲያበቃ፣ ግጥማቸው በጣም በስሏል አለ። ከጋዜጣ የሚያነበው የስፖርቱን ገጽ ብቻ ስለሆነ፣ አዘጋጁ ይህን ደብዳቤ ከኳስ አካባቢ እንዲያርቅልኝ ለምኜዋለሁ። እናንተም ከላይ የጠየቅኳችሁን ተዉት፤ አትድከሙ። ባለቤቴ ከ«እቶን» ወዲህ እንዲህ ያለ ሥራ አልሠሩም ብሏል፤ አድናቆቴን አድርሺልኝ ስላለኝም ይኸው አድርሻለሁ።