ዕጣ የቀላቀላቸውን ሽማግሌ ይለያቸው?

ሰኞ

ዛሬም ወላጅ። ገና ስም ጠርቼ ሳልጨርስ አንዲት እናት በሩ ላይ ቆማ በጣቷ ትጠራኛለች። ልጇን ከስድስተኛ መ አውጥቼ ወደ ሀ እንድመልስላት ነው። ልክ እኔ ሻጭ፣ እሷ ገዢ፣ ልጇ ደግሞ ቁጥሩ ያልሆነ ጫማ።

እስከ አምና ድረስ ማንም ሳያዝ ከላይኛው ሰፈር ከሴቻ የሚመጡ የቢሮ ሠራተኛ ልጆች ሀ ውስጥ ይሰበሰቡ ነበር። ከታች ከሲቀላ ዳር፣ ከገጠር መጥተው ዘመድ ቤት ሆነው የሚማሩት፣ የሸማኔና የሸክላ ሠሪ ልጆች ደግሞ መ። ዘንድሮ ዳይሬክተሩ ዕጣ ይውጣ አለ። ስብሰባው ላይ መጀመሪያ እጄን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ዕጣው የኔን ሩትን መ ላይ ጣላት፤ ክፍሉ የኔ፣ ልጅቷም የኔ። ከምህረት ጋር አንድ ዴስክ ተቀመጠች። የምህረት እናት አማረች ሲቀላ ገበያ ድስትና ጀበና ትሸጣለች፤ የምትሠራውም ራሷ ናት።

ዴስኩ ለሦስት ነው። ሦስተኛዋ ልጅ በሁለተኛው ቀን ቦታ ቀይሪልኝ አለችኝ። እምቢ አልኩ። በሦስተኛው ቀን ከትምህርት ቤት ቀረች።

ማክሰኞ

የዛሬ ምክንያቶች፦
ልጄ ዓይኗን ያማታል፣ የመ ክፍል መስኮት ፀሐይ ያስገባል።
ልጄ ከአክስቱ ልጅ ተለይቶ አያውቅም።
መ ክፍል አቧራ አለ። (ሀ ክፍል ውስጥ አቧራ የለም? ጠራጊው እኮ አንድ ነው።)
የትምህርት ጥራት።

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ነገሩን በስሙ የጠሩት አንዲት አሮጊት ብቻ ናቸው፣ የልጅ ልጃቸውን ሊወስዱ መጥተው። "የኔ ልጅ፣ ከአንድ ምሳ ዕቃ እየበሉ እኮ ነው" አሉኝ በጋሞኛ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። አልገባኝም ማለት አልችልም። ያደግሁት እዚሁ ጋሞ፣ ኦቾሎ መንደር ነው። ሸክላ ሠሪዎቹ ከመንደሩ ዳር ነበሩ፤ እንስራቸው ቤታችን ይገባል፣ እነሱ አይገቡም። ለምን ብሎ የሚጠይቅ ልጅ አልነበረም።

ቤት ስደርስ ደግሞ ታደሰ! ባሌ፣ የሲቀላ ዳር ልጆች ለብቻቸው ሌላ ክፍል ይግቡ የሚለው የወላጆች ኮሚቴ ውስጥ ገብቷል። "እኔ የደብረ ማርቆስ ሰው ነኝ፣ የናንተን የዘር ነገር አላውቅም። የኔ ጉዳይ ጥራት ነው" ይለኛል። ያው መጽሐፍ፣ ያው ሰሌዳ፣ ያው አስተማሪ። ጥራቱ እኮ እኔ ነኝ፣ ታደሰ! ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

ረቡዕ

ትንሽ ድል። ሩትና ምህረት ተጣሉ። በመቅረጫ! ምህረት "የኔ ነው" ብላ ነጠቀቻት፣ ሩት አኮረፈች፣ እስከ ዕረፍት ጀርባ ለጀርባ ተቀመጡ። ከዕረፍት ሲመለሱ አንዷ የሌላዋን ሹሩባ ትሠራለች። ባለፈው ሳምንት ምህረት አንድም ነገር የኔ ነው ስትል አልሰማኋትም፤ እርሳሷን እንኳ ሲወስዱባት ዝም ነበር የምትለው። ደስ አለኝ። ሰው በጠብ ደስ ይለዋል?

ደስታዬ እስከ ራት ነው የቆየው። ኮሚቴው ነገ ሽማግሌ ሊልክ ነው። የአገር ሽማግሌ፣ እርጥብ ሣር ይዞ! ጋሞ ውስጥ ሽማግሌ ሣር ይዞ ከተንበረከከ የደም ጠብ እንኳ ይቆማል። እምቢ የሚል ሰው አልተወለደም። ሐሳቡ የማን እንደሆነ ታደሰን ስጠይቀው የቲቪውን ድምፅ ከፍ አደረገ። የናንተን ነገር አላውቅም ያለው ሰውዬ ይኸውና አወቀ። በጣም ተናድጃለሁ። ከዚህ በላይ መጻፍ አልፈልግም።

ሐሙስ

መጡ። ቡልኮ ለብሰው፣ ሣር ይዘው፣ የሽማግሌዎቹ መሪ ጋሽ ወዛ ከፊት። ኮሚቴው ከኋላ፣ ታደሰም አለ። ዳይሬክተሩ ገና ሣሩን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ፤ አለቀ፣ ዕጣው ተሰረዘ አልኩ በልቤ።

ጋሽ ወዛ ግን አልተንበረከኩም። ለካ የተነገራቸው "ወላጅና ዳይሬክተር ተጣልተዋል" ተብሎ ነው። ነገሩን እስከ መጨረሻው ሰሙና ዙሪያውን አዩ። "የእነዚያኞቹ ልጆች ወላጆች የታሉ?" አሉ። እንዳልተጠሩ ገባቸው። "አንድ ወገን በሌለበት ሽምግልና የለም። ነገ ይምጡ።" ይኸው ነው። ስለ እኩልነት አንድ ቃል አልተናገሩም፤ የሽምግልናውን ወግ ብቻ ነው የጠበቁት። አንዱ የኮሚቴ አባል "እነሱ እኮ..." ብሎ ጀመረና ተወው።

ከሰዓት በኋላ ሚኒባስ ይዤ ሲቀላ ወረድኩ። አማረችን ድስት ስትደረድር አገኘኋት። በጋሞኛ ነገርኳት፣ ለሌሎቹም እንድትነግር። "ሽማግሌዎቹ እኔን ጠሩ?" አለችኝ፣ ሁለት ጊዜ። አዎ ስላት ወደ ድስቶቿ ዞረች። እመጣለሁም አልመጣምም አላለችም። እኔ ብሆን እመጣ ነበር? እንጃ። ካልመጣች ነገ ምህረት ከክፍሌ ትወጣለች፤ ከክፍሌ ከወጣች ደግሞ ከትምህርት ቤቱም መቅረቷ ነው፣ አውቃታለሁ።

ዓርብ

መጣች። በገበያ ልብሷ፣ ብቻዋን። ሌሎቹ ወላጆች ፈርተው ቀርተዋል። ሁላችንም ግቢው ውስጥ የዛፉ ጥላ ሥር ነበርን። አግዳሚው ላይ ቦታ ነበረ፤ ማንም አልተጠጋላትም፣ እሷም አልተጠጋችም። ዳር ቆመች። ጋሽ ወዛ ተናገሪ አሏት። የቢሮ ሰዎቹም እንዲሰሙ ነው መሰለኝ በአማርኛ ተናገረች።

"ልጄን እዛ ተቀመጪ አላችኋት፣ ተቀመጠች። እኔ አላስቀመጥኳትም። አሁን ተነሺ የሚል ካለ፣ ክፍሉ ያ ነው፣ ይግባና ራሱ ይንገራት። እኔ ይሄን ቃል ይዤ ቤቴ አልገባም።"

ጋሽ ወዛ ወደ ኮሚቴው ዞሩ። "ማን ነው የሚነግራት?" አሉ። "አንተ ትነግራታለህ?" አሉት ታደሰን፣ ከፊት ስለቆመ። ከክፍሉ የልጆቹ የንባብ ድምፅ ይሰማል፤ የሩትም ከመሐሉ አለ። ታደሰ ጫማውን አየ። ጋሽ ወዛ "እንግዲያው ልጆቹ እስከ ግማሽ ዓመቱ ፈተና ባሉበት ይቀመጡ" ብለው ተነሱ።

እስከ ግማሽ ዓመት ብቻ! ከዚያ በኋላ እንደገና ይመጣሉ፣ አዲስ ምክንያት ይዘው። አማረችን ላመሰግናት ስሮጥ በሩን ወጥታ ሄዳለች፤ ገበያ አላት።

ራት ላይ ሩት "አባዬ፣ ዛሬ ትምህርት ቤት ለምን መጣህ?" አለችው። ታደሰ ቀና ብሎ እኔን አየኝ፣ እንድመልስለት። እኔ ራቴን በላሁ።