ደብዳቤው ዘገየ፣ ሩዙ ደረሰ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 5

ይመጣሉ። እውነት ነው፤ ማስታወቂያውን ራሴ ነኝ የተየብኩት። «ካፊያ ባንድ ቅዳሜ ከቀኑ በስምንት ሰዓት በወረታ ከተማ ለሰፊው ሕዝብ የሙዚቃ ዝግጅት ስለሚያቀርብ…» ከደስታዬ ብዛት «ካፊያ» የምትለዋን ሁለት ጊዜ ሳትኩና ወረቀት ቀየርኩ። የመዝገብ ቤቱ ሰውዬ ወረቀት አባከንሽ ብሎ ገላመጠኝ። ይገላምጥ።

ምሳ ሰዓት ላይ እየሮጥኩ ጓደኛዬ ከድጃ ሱቅ ሄድኩ። አቡጀዴ እየለካች ነበር። ስነግራት መለኪያውን ጥላ አቀፈችኝ። ደንበኛዋ ሴትዮ ሰው ሞቶ የተረዳች መስሏት ክው አለች።

ሦስት ዓመት ሙሉ ያንኑ አንድ ካሴት ነው የምንሰማው። ካፊያዎች የሆቴል ባንድ አይደሉም፣ የቴአትር ቤትም አይደሉም። አራት ልጆች ናቸው፤ በተዋሱት መሣሪያ አንድ ካሴት አወጡ፣ በቃ። ሬዲዮ አያጫውታቸውም። ወረታ ውስጥ የሚያውቃቸው ቢበዛ አሥር ሰው ቢሆን ነው፤ እሱም ከእኛ ካሴት ገልብጦ ነው። ካሴቱን ከአዲስ አበባ ያመጣው የከድጃ ወንድም ሰይድ ነበር። «ደብዳቤው ዘገየ» የምትለዋን ዘፈን ሱቅ ሲዘጋ ያፏጫት ነበር። ለብሔራዊ ውትድርና ከሄደ ዓመት ከአራት ወር ሆነው። ሁለት ደብዳቤ ጻፈ፣ ከዚያ በኋላ ምንም። ከድጃ ያቺን ዘፈን ሰው ፊት አትከፍታትም። ከእኔ ጋር ብቻ ነው የምንሰማት።

ስለ ሰይድ እዚህ ደብተር ላይ የጻፍኩት ነገር የለም። አሁንም አልጽፍም።

እስከ ቅዳሜ፦ ሰማያዊውን ቀሚስ ማጠብ። ጫማ ማሰፋት። ለከድጃ አባቷን ማስፈቀድ (ይሄ ከባዱ ነው)።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 6

ጓድ ታደገ ቢሮው አስጠራኝ። የቅስቀሳ ኃላፊው ነው። «ጓድ ፈንታነሽ፣ እነዚህን ልጆች አንቺ ነሽ አሉ የምታውቂያቸው» አለኝ። አዎ አልኩ፤ በኩራት። ዘፈኖቻቸውን በሙሉ በቃሌ እንደማውቅም ጨመርኩበት። ማን ጠየቀኝ?

ነገሩ እንዲህ ነው። ባንዱ እንዲዘፍን የተፈቀደው ስለ ሩዝ አንድ ዘፈን ካቀረበ ብቻ ነው። ፎገራ ሩዝ እንዲዘራ መመሪያ መጥቷል፤ ገበሬው ዘሩን ይቀበልና በጥርጣሬ ራሱን ይነቀንቃል። ሕዝቡ በዘፈን ይቀሰቀስ ተባለ። ባንዱ አዲስ ዜማ ለመሥራት ጊዜ ስለሌለው በቀድሞው ዜማ ላይ አዲስ ቃል ይገባል። «የትኛው ዜማቸው ነው ሰው ልብ የሚገባው?» አለኝ።

«ደብዳቤው ዘገየ» አልኩት።

ዘጠኝ ዘፈን አለ። ከዘጠኙ አንዱን ማለት እችል ነበር። የምወዳት ቀድማ አፌ ላይ መጣችና አልኳት። ጓድ ታደገ ጻፈው። ከዚያ «ግጥሙን አንቺው ጻፊው፤ ለዘፋኙም በእጅሽ ትሰጪዋለሽ» አለኝ። በእጅሽ ሲለኝ እሺ አልኩ።

ዋናው እንዲህ ነው፦

ደብዳቤው ዘገየ፣ ፖስታ ቤት ተዘጋ
ቆሜ እጠብቃለሁ እስከሚነጋጋ

የኔው ደግሞ፦

ሩዛችን ደረሰ፣ ጎተራው አይዘጋ
ቆመን እናጭዳለን እስከሚነጋጋ

አንድ ሰዓት አልፈጀብኝም። ይባስ ብሎ ቤቱ ሲመታልኝ ደስ አለኝ። ይሄን ስጽፍ አፍሬያለሁ፤ ግን ደስ ብሎኝ ነበር።

ለከድጃ አልነገርኳትም። ነገ እነግራታለሁ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7

ዛሬ ጭብጨባ ተለማመድን። እየቀለድኩ አይደለም። የቀበሌው ሰው በሙሉ ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ተሰልፎ መቼ ሦስት ጊዜ፣ መቼ ሳይቋረጥ እንደሚያጨበጭብ ተነገረው። ዘፈኖቹን ስለማውቅ የሴቶቹን ረድፍ የምመራው እኔ ነኝ። እጄን ሳነሳ ያጨበጭባሉ፣ ሳወርድ ያቆማሉ። ሰልፉ ውስጥ ልጇን ያዘለች አንዲት ሴት እጇን ማንሳት ስላቃታት ስሟ ተያዘ።

ቅዳሜ የሚቀር ሰው ቀበሌ ቀርቦ ምክንያቱን ያስረዳል። ስለዚህ የከድጃን አባት ማስፈቀድ ቀረ። ሐጂ ራሳቸው ይመጣሉ። ቴፕ ሲከፈት ከቤት የሚወጡት ሰውዬ መዝገብ ላይ ፈርመው ቁጭ ብለው ይሰማሉ። ሜዳው ላይ አየኋቸው፤ እጃቸውን ከጋቢያቸው ሳያወጡ ቆመዋል። ዓይናቸውን ማየት አልቻልኩም።

ከድጃ ከአጠገቤ ሆና በሳቅ ልትሞት ነበር። «እነሱኮ ይሄን አያውቁም፣ እነሱ የሚያውቁት መዝፈን ነው» አለችኝ። ለባንዱ ትራራለታለች። ዛሬም አልነገርኳትም።

ዓርብ፣ ጥቅምት 8

መጡ። አምስት ሰዓት ላይ ይደርሳሉ የተባሉት ዘጠኝ ሰዓት ደረሱ። የጉማራን ወንዝ አልፈው መኪናቸው ከመንገድ ወጥቶ ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ፣ ገበሬዎች በበሬ ጎትተው ነው ያወጧቸው። አንዱም ወርዶ አልገፋም አሉ፤ ጫማቸው እንዳይበላሽ።

ሰንጋ ታረደላቸው። በዓርብ! እናቴ ስትሰማ ሦስት ጊዜ አማተበች። እኔ ወረቀቴን ይዤ ስገባ ጓድ ታደገና አራቱ ልጆች ቁርጡን ከፊታቸው ቆልለው ተቀምጠዋል፤ ዝንቡ ለጉድ ነው። ዘፋኙን ክንዴን ወዲያው አወቅሁት፤ የካሴቱ ሽፋን ላይ በስተግራ ያለውን። ሦስት ዓመት ጆሮዬ ውስጥ የኖረ ሰው ጮማ አፉ ውስጥ ጎርሶ «ምንድን ነው?» አለኝ።

ልነግረው ያዘጋጀሁትን ትቼ ወረቀቱን ሰጠሁት። በዚያው በቅባታም ጣቱ ገልጦ አየውና «በየትኛው ዜማ?» አለ። ነገርኩት።

«እህ፣ እሷ። ችግር የለም። ሁመራ ላይ ሰሊጥ አድርገናታል፣ ተንዳሆ ላይ ጥጥ። ሁሉን ትችላለች» አለኝ። ከዚያ ቢላውን በወረቀቱ ጠርዝ ጠረገ።

ጓደኞቹ ሳቁ። ጓድ ታደገም ሳቀ። እኔም፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ሳቅሁ። ወጥቼ ከአጥሩ ጀርባ አስመለስኩ። ያልበላሁትን ሥጋ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9

ዝናብ ስለጣለ ሜዳው ቀረና እህል መጋዘኑ ውስጥ ሆነ። ማዳበሪያና ያልደረቀ ቆዳ የሚሸት ቤት። በር ላይ ስም ይጠራል፣ ሰው «አቤት» እያለ ይገባል። ንግግሩ አንድ ሰዓት ከሩብ ወሰደ። መፈክር። ጭብጨባ። መፈክር። እጄን ሳነሳ ሳወርድ ትከሻዬ ዛለ።

ካኪ ለብሰው ወጡ። ካፊያዎች በካኪ! ድምጽ ማጉያው ያፏጫል፣ ድራሙ ብቻ ይሰማል፣ ጊታሩ የለም። ክንዴ ማጉያውን ያዘና «ለጀግናው የይፋግ ሕዝብ ሰላምታዬን አቀርባለሁ» አለ። ከኋላ አንድ ሰው «ወረታ ነው!» ብሎ ጮኸ። እሱ እጁን እያወዛወዘ አመሰገነ።

አምስት ዘፈን ዘፈኑ። አራቱን አላውቃቸውም፤ ስለ ዕቅድና ስለ ግድብ ናቸው። አንዱን አውቀዋለሁ፤ ግማሹን ዘለሉት።

ከዚያ የስድስተኛው መግቢያ ተሰማ። ያቺ ጊታር ብቻዋን የምትጀምርበት። ይሄኔ ማጉያው እንኳ ማፏጨቱን አቆመ። ከድጃ እጄን ጭብጥ አድርጋ ያዘችኝ። መዳፏ ይሞቃል። ልነግራት አፌን ከፈትኩ፤ ክንዴ ቀደመኝ። «ሩዛችን ደረሰ።»

እጇን ቀስ ብላ ከእጄ አወጣች።

ሳቁ የተጀመረው ከቁሐር ሚካኤል ገበሬዎች በኩል ነው። አያ ውበቱ፣ ዘር ለመውሰድ ቢሮአችን የሚመላለሱት ሽማግሌ፣ ጎላ አድርገው «የታባቱ ሩዝ ነው የደረሰው? የኛው ገና ውሃ ውስጥ ቆሟል!» አሉ። ቀጥሎ «ቆመን እናጭዳለን» ሲመጣ «ቆሞ የሚያጭድ ማን ነው? ሽመላ ነው?» አሉ። መጋዘኑ በሳቅ ፈረሰ። እኔ የከተማ ልጅ፣ ማጭድ ይዤ የማላውቅ፣ ሰው ጎንበስ ብሎ እንደሚያጭድ እንኳ አላሰብኩም። ሕዝቡ «ቆመን እናጭዳለን»ን ተቀበለና እየሳቀ፣ ጀርባውን ገትሮ እያሾፈ ዘፈነው። አንዱ የማይታይ ማጭድ ይዞ እንደ ወታደር ቀጥ ብሎ ያጭዳል። ሦስት ጊዜ አስደገሟቸው። እኔ እጄን ሳላነሳ ነው ያጨበጨቡት።

ጓድ ታደገ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ሕዝቡ ተቀሰቀሰ ብሎ።

እሁድ፣ ጥቅምት 10

ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ልጆች ይዘፍኑታል። ውሃ የምታመላልሰው ልጅ ትዘፍነዋለች። እናቴ ሳታስበው ሽንኩርት እየከተፈች «እስከሚነጋጋ» አለች።

ሰው ሁሉ የየራሱን ነው የሚያወራው። አስተማሪው ጌታነህ ከእኛ ካሴት ከገለበጡት አንዱ ነው፤ የኤሌክትሪክ ጊታር በዓይኑ በማየቱ ብቻ በሕይወቱ ደስ ያለው ቀን እንደሆነ ነገረኝ፤ ሌላው ምንም አልታየውም። የጠጅ ቤቷ ሴትዮ ልጆቹ ሒሳብ ሳይከፍሉ ነው የሄዱ ትላለች። ሌላው ከእኛ የገለበጠ ልጅ ካሴቱን ፍቆ ሌላ ሊቀዳበት እንደሆነ ነገረኝ። አያ ውበቱን መንገድ ላይ አገኘኋቸው፤ «እንዲህ ከሳቅሁ ስንት ዘመኔ! ያን የጻፈውን ሰው አላህም እግዜሩም ይባርከው» አሉኝ። እንዲህ ያለ ምርቃት ተቀብዬ አላውቅም። አሜን አልኩ።

ከሰዓት ከድጃ ጋ ሄድኩ። ሱቁ ዝግ ነው፣ ጓሮ ተቀምጣለች። «ያን ቆሻሻ የጻፈው ማነው?» አለችኝ። «አንቺ ቢሮ ነሽ፣ ታውቂያለሽ።»

«እኔ እንጃ» አልኩ።

ስመለስ መንገዱን ሁሉ ራሴን እየሰደብኩ መጣሁ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 11

ጓድ ታደገ ከበላይ አድናቆት መጣ አለኝ። ሪፖርቱ ላይ ስሜን ጠቅሶታል። አሁን ደግሞ ስለ ማዳበሪያ ይፈለጋል። «በዚያው በነሱ ዜማ ይሁን፤ አንቺ ምረጪ። እስከ ሐሙስ።»

ቢሮው ውስጥ ቆሜ እምቢ ማለት የሚባል ነገር እንዳለ አሰብኩ። እምቢ ያለው የቀድሞው ጸሐፊ የት እንደተዛወረም አሰብኩ። «እሺ» አልኩ። አፌን ጠላሁት።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12

ነገርኳት።

ሱቅ ውስጥ፣ ጨው እየመዘነች። መግቢያ አላበጀሁለትም፤ እኔ ነኝ የጻፍኩት አልኳት። ጨውን መዝና ጨረሰች፣ ጠቀለለች፣ ለሴትዮዋ ሰጠች፣ ሴትዮዋ እስክትወጣ ጠበቀች።

«ዜማውንስ የመረጠው ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«ቃሉንማ ማንም ይጽፈዋል» አለች። «ዜማዋን ግን የጠቆምሽው አንቺ ነሽ።»

የጠቆምሽው። በዚህ ዘመን ከዚህ የከፋ ቃል የለም፤ ከድጃ ደግሞ ቃል አትሳሳትም። ጨው ጆንያው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። አላባበለችኝም። «ሦስት ቀን ሙሉ የሰይድን ፉጨት ላስታውስ እሞክራለሁ» አለችኝ። «ፉጨቱ ሲጀምር ቆመን እናጭዳለን ይመጣብኛል። ወንድሜን ሩዝ አደረግሽው።»

ሰይድን እኔም እንደማስታውሰው ልነግራት ፈለግሁ። ያን ያህል ድፍረት አልነበረኝም፤ «እኔም ይመጣብኛል» ብቻ አልኳት። ያላልኩትን የሰማችው መሰለኝ፤ ምክንያቱም ተነስታ በሩን ገርበብ አደረገችና አጠገቤ ጆንያው ላይ ተቀመጠች። «ደግሞ ቆሞ ማጨድ!» አለች። «ብትጠይቂኝ ምናለ? ሱቄ ውስጥ ማጭድ እሸጣለሁኮ።» ሳቅ አመለጣት፤ በራሷ ሳቅ ተናደደች። እኔም ሳቅሁ። ሁለታችንንም አስጠላን፤ ግን ሳቅን።

ከዚያ የማዳበሪያውን ነገርኳት። እምቢ በይ ትለኛለች ብዬ ፈርቼ ነበር። አላለችም። ነጋዴ ናት፤ አሰበች። «ከካሴቱ ጀርባ መጨረሻ ላይ ያለችውን ስጫቸው፤ ስንጀምራት ሁሌ የምናጠፋትን» አለች። «ማዳበሪያቸውን እሷ ላይ ይበትኑ፣ ብትቀርብንም አንጎዳም።» ብልህ ናት። ለምን ከመጀመሪያው አልጠየቅኋትም?

ዘፈኖቻቸውን በሙሉ አውቃለሁ ብዬ ብኮራም የይችን ዜማ ስለማላውቀው ቴፑን አውጥታ ድንጋይ ቀየረችለት። ካሴቱን በእርሳስ አጠነጠንነው። ከፈትናት።

መጀመሪያዋ ያው ነው፤ ኦርጋኑ ይንዛዛል፤ ለዚህ ነው የምናጠፋት። ዛሬ ማጥፋት ስለማንችል ታገስን። ከኦርጋኑ በኋላ ክንዴ ገባ፤ ያ ሥጋ የሚጎርሰው ክንዴ፤ ድምፁ ግን ያው የድሮው ነው። እናቱን በር ላይ ትቶ ስለሄደ ሰው ነው የሚዘፍነው፤ ዞር ብሎ ስላላያት። አንዴ እንኳ ድምፁን ከፍ አያደርግም። ሦስት ዓመት እጃችን ላይ የነበረች ዘፈን። እንደዚህ ያለ ነገር የሚዘፍን ሰው ወረቀቴ ላይ ቢላ እንደጠረገ ሳስብ ተናደድኩ፤ ግን ከቴፑ አልራቅሁም። ከድጃም አልተንቀሳቀሰችም። እስከ መጨረሻው ሰማናት።

ካሴቱ አልቆ ቀጭ ሲል ከድጃ አወጣችውና በነጠላዋ ጫፍ ጠቅልላ ያዘችው።

«ይችንም አንሰጥም» አለች።

አንሰጥም አልኩ። ሐሙስ ለጓድ ታደገ ምን እንደምለው አላውቅም። ከድጃ ነገ ከሥራ ስወጣ እንድመጣ ነግራኛለች፤ አብረን እናስባለን።