ሁሴን በሬዎቹን ሲሰጥ

ሰይዴ፣ የልጄ አባት፣

ከተለያየን ሁለት ዓመት ከአምስት ወር ሆነን። ዘሃራ አንደኛ ክፍል ገብታለች፤ ስትቆጣ ቅንድቧን እንዳንተ ትሰበስባለች። በጀልባህ ጎረቤታችን ይሠራበታል። ዕድሜህን ሁሉ ከሐይቁ ዓሣ ስታወጣ ኖረህ፣ ይሸተኛል እያልክ ሽሮ ታሠራኝ የነበረው ትዝ ሲለኝ ብቻዬን እስቃለሁ።

ዛሬ ግን አልሳቅሁም። የምጽፍልህ ደሴ፣ ሐኪም ቤት አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ነው። ወንድምህ ሁሴን ሐኪሙ ዘንድ ገብቷል።

ባለፈው ሳምንት፣ እርሻ ሊጀመር ሲል፣ ጥማድ በሬዎቹን ለእህታችሁ ልጅ ሰጠ። የውጫሌ ሰው ሰደቃ ነው ብሎ መረቀው። ትናንት ደግሞ ሐይቅ ድረስ መጥቶ አፉ በይኝ አለኝ፤ ይቅርታ የሚያስጠይቅ ምንም ሳይበድለኝ። ከስንት ወር ትካዜና እንቅልፍ ማጣት በኋላ ፊቱ ረግቷል። ሌላ ሰው ቢያየው አልሐምዱሊላህ፣ ተሻለው ይላል። እኔም ባንተ ጊዜ ያልኩት ይህንኑ ነው። መረቦችህን ለጓደኞችህ አድለህ፣ ቤት ለቤት እየዞርክ አፉ በሉኝ ስትል፣ ባሌ ልቡ ተመለሰ ብዬ ኮራሁ። ስንብት መሆኑን ያወቅሁት ከቀበርንህ በኋላ ነው። በራሴ እናደዳለሁ። ባንተም እናደዳለሁ፣ አልዋሽህም።

ስለዚህ እባብ ያየ በልጥ በረየ ቢሉኝም ይበሉኝ ብዬ፣ ፊት ለፊቱ ተቀምጬ፣ ራስህን ልታጠፋ አስበሃል ወይ ብዬ በግልጽ ጠየቅሁት። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ እኔው እንዳልገፋፋው ፈራሁ። እሱ ግን መሬት መሬቱን እያየ አለቀሰ። አዎ አለኝ፤ እስከዛሬ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም አለኝ። ከዚያ ወዲህ ለአፍታም ብቻውን አልተውኩትም። እህታችሁን ጠራኋት፤ ማለዳ በሚኒባስ መሃላችን አስቀምጠን አመጣነው።

አሁንም እፈራለሁ። ሐኪሙ ምን ይል ይሆን? ነገስ? ከነገ ወዲያስ? በሩን ደጋግሜ አያለሁ።

ሰይዴ፣ እስካሁን ሰው ሲጠይቀኝ በድንገት ታሞ ነው የሞተ እል ነበር። ከእንግዲህ አልደብቅህም። ዘሃራም ስታድግ ከእኔው አፍ ትሰማለች፤ አባቷ ደግ ሰው እንደነበር፣ ውስጡ ተጎድቶ እንደነበር፣ እኛም አጠገቡ ሆነን እንዳላወቅን። እስካለሁ ድረስ የማስታውስህ እንዲህ ነው፣ ከነሕመምህ።

በሩ ተከፈተ። ሁሴን በዓይኑ እኔን እየፈለገ ነው፤ ልሂድ።