ክራሩ ለቅሶ ዋለ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት ፲፪ ቀን ፲፱፻፳፪ ዓ.ም.፣ ሚካኤል

ጎህ ሲቀድ በር ተመታ። ከፍቼ ሳይ አራት ሆነው ቆመዋል። ጎረቤቴ ዘይነባ ነጠላዋን ዘቅዝቃለች። ባቡር ጣቢያ ላይ ዕቃ የሚያወርደው ኦቦ ገመዳ ባርኔጣውን አውልቆ ከኋላ ቆሟል። በማለዳ ተሰብስቦ የሚመጣ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ አውቃለሁ። እኔም ስንት ቤት እንዲሁ ሄጃለሁ።

«ሀዳ ሽፈራው» አለኝ ገመዳ። ሁልጊዜም በኦሮምኛ የሽፈራው እናት ብሎ ነው የሚጠራኝ። ከዚያ ወዲያ አልቻለም፤ የቀረውን ዘይነባ ነገረችኝ።

ልጄ ሞቷል። አዋሽ፣ ሐዲድ ጥገና ላይ። ወባ ነው። እዚያው ቀብረውታል።

ዛሬ ሌላ መጻፍ አልችልም።

ረቡዕ፣ ፲፫

ሰው ሲገባ ሲወጣ ዋለ። ንፍሮውን ጎረቤት ያመጣል። ሬሳ የሌለበት ለቅሶ ለካ እንዲህ ነው፤ ሰው ዓይኑን የሚያሳርፍበት ያጣል። ልብሱን መደቡ ላይ ዘረጋሁት። አንድ ሸማ፣ አንድ ሱሪ። በቃ።

ባላባት ሲሞት ጠመንጃውና ፈረሱ ለቅሶ ይወጣሉ። የሽፈራው ጠመንጃ ክራሩ ነበር። እሱም ምስለኔው ቤት ነው።

በሰኔ ጠጅ ቤት ገብቶ ስለ ሐዲድ ሠራተኞች ዘፈነ። መጀመሪያ የዘፈነው ለእኔ ነው፣ ጥጥ ስፈትል አጠገቤ ቁጭ ብሎ።

ባቡሩስ ይመጣል ጭሱ እየታየ፣
ቆላ የወረደው ወንድሜስ ዘገየ።

እንዝርቴ ከእጄ ወደቀ። «እማዬ፣ ካስለቀሰሽስ ጥሩ ነው ማለት ነው» ብሎ ሳቀብኝ።

ጠጅ ቤቱም አለቀሰ አሉ። በማግስቱ ምስለኔው አስጠራው። ዘፈን ለደስታ ነው፣ ሞትን መዝፈን ሟርት ነው፣ ደግሞም ሰው ቆላ ለሥራ አልወርድም እያለ ነው ብሎ ክራሩን ቀማው። ገበያ ላይም አስነገረ፤ ያንን ዘፈን የዘፈነ ይቀጣል ተባለ። ልጄ ያለ ክራሩ አዳማን ጠላት። ነሐሴ ላይ እሱ ራሱ ቆላ ወረደ።

ዛሬ አንዲት ሴት በር አጠገብ ስታንሾካሹክ ሰማኋት። «ዘፈኑ ነው የበላው። በአፉ ጠራው» ትላለች። የውኃ ሻጩ ሚስት አበበች ናት። የበላው ወባ ነው።

ትልቁ ለቅሶ እሑድ ነው። ክራሩ በዚያ ቀን እዚህ መሆን አለበት። ሰው ልጄን በክራሩ ይየው።

ሐሙስ፣ ፲፬

ከገመዳ ጋር ምስለኔው ደጅ ሄድን። ብዙ አስጠበቁን። በኋላ ወጣ።

«እግዜር ያጥናሽ» አለኝ። «ልጅሽን አልጠላሁትም። እጁ ጥሩ ነበር። ግን አንቺ ሴትዮ፣ ሞት ይዘፈናል?»

«አይዘፈንም ጌታዬ፣ ይለቀሳል። የመጣሁትም ለዚያው ነው።»

ነገ ተመለሺ አለኝ።

መንገድ ላይ ገመዳ «ይህ ነገ የሚሉት ቀን ምስለኔውን ፈርቶ ሳይመጣ ይቀራል» አለ። ሳቅሁ። ወዲያው አፈርሁ።

ዓርብ፣ ፲፭

ሰጠኝ! «ይታይ እንጂ እንዳይሰማ» አለ። እሺ አልሁ።

ሁለት ጅማት ተበጥሷል። አቧራ ጠጥቷል። በነጠላዬ ጫፍ ጠረግሁት። አውራ ጣቱ የሚያርፍበት ቦታ እንጨቱ ተበልቶ ጎድጉዷል። የራሴን ጣት እዚያ ላይ አኖርሁ። የእሱ ሰፊ ነበር፤ የእኔ ጣት ቦታውን አልሞላውም።

ቅዳሜ፣ ፲፮፣ ኪዳነ ምሕረት

ገመዳ መቃብሩን አይቶ ከመጣ ሰው የሰማውን ነገረኝ። በሐዲዱ ዳር የአፈር ቁልል ብዙ ነው። የሽፈራው ላይ ጓደኞቹ እንጨት ተክለውበታል። የሌሎቹን የማን እንደሆነ የሚያውቅ የለም።

ከሰዓት በኋላ አልቃሿ እትዬ ጥሩነሽ መጣች። ነገ ሙሾውን የምታወርደው እሷ ናት።

«ስለ ልጅሽ ምን ልበል? ጀግና ነበር ልበል?»

«ምን ገደለና?»

«እንግዲያስ ምን ልበል እቴ?»

ያንን ግጥም ነገርኋት። ደነገጠች። አዋጁን በጆሮዋ ሰምታለች። «የተከለከለው ዘፈን ነው እንጂ ሙሾ መች ተከለከለ» አልኋት። ተነሥታ ሄደች።

ለካ እኔም ፈርቻለሁ። እንዳይሰማ ሲለኝ እሺ ብዬ ነበር ክራሩን የተቀበልሁት።

እሑድ፣ ፲፯

ዳሱ ሞላ። ምስለኔውም መጣ፤ ለቅሶ ነውና አይቀርም። እኔ ክራሩን ታቅፌ ተቀመጥሁ።

ጥሩነሽ የተለመደውን አወረደች። አዳማን አነሣች፣ እኔን አነሣች፣ ልጅነቱን አነሣች። ተስፋ ቆርጬ አንገቴን ደፋሁ። ያኔ ድምፅዋ ዝቅ አለ።

ባቡሩስ ይመጣል ጭሱ እየታየ፣
ቆላ የወረደው ልጄ ግን ዘገየ።

ወንድሜ የሚለውን ልጄ አለችው። በእኔ አፍ አለቀሰችው። ሴቶቹ ተቀበሏት። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ።

ምስለኔው ብድግ አለ። «ይህ ያ ዘፈን አይደለም እንዴ?»

ሴቶቹ ሙሾውን አቋረጡ። ዘይነባ ከተቀመጠችበት ሳትነሣ «ጌታዬ፣ ይህ ካልተፈቀደ ለእናት የሚፈቀደውን ሙሾ እርስዎ ያውርዱልን፤ እኛ እንቀበላለን» አለችው።

ተመልሶ ተቀመጠ። ቆይቶ በጋቢው ፊቱን ሸፈነ። እያለቀሰ ይሁን ተቆጥቶ አላውቅም።

ከዚያ አበበች መጣች። ያቺ በር አጠገብ ያንሾካሾከችው። ክራሩን ከእጄ ወስዳ ከፍ አድርጋ ያዘችና «ወንድሜ! ወንድሜ!» ብላ ጮኸች። ወንድሟም እዚያው ቆላ እንደቀረ ዛሬ ሰማሁ። እስከዛሬ ለቅሶ አልተቀመጡለትም፤ ይመጣል እያሉ።

ሰኞ፣ ፲፰

ዘበኛ ይመጣል ብዬ ጠዋት በሩን ሳይ ቆየሁ። አልመጣም። ነገ ይመጣ ይሆናል። ክራሩን ግን አልደበቅሁትም፤ ከሸማው አጠገብ ሰቅዬዋለሁ።

ዘይነባ በእሷ ሃይማኖት ዱዓ አደርግለታለሁ አለችኝ። እኔ ጸሎት የምለምነው ሰው ብዙ የለኝም። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ ከእኔ በኋላ የምታገኙትን እለምናለሁ። ልጄ ሽፈራው የክርስትና ስሙ ወልደ ሚካኤል ነው። ስሙን ጠርታችሁ ነፍሱን ይማር በሉልኝ። በሐዲዱ ዳር አብረውት ያሉትን ስማቸውን አላውቅም። እነሱንም የእናታቸው ልጆች ብላችሁ አስቧቸው። እግዚአብሔር ማንን እንደጠራችሁ ያውቃል።