ስለ እህቴ ዓሣና ስለ ጸጥታዎ

ለተከበሩ የማቀዝቀዣ መጋዘኑ ሥራ አስኪያጅ፤
ከመስኮትዎ ሥር፣ ከተራ መጠበቂያው።

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ራስ ምታትዎ ተሽሎዎት፣ ጆሮዎ ከሞተር ጩኸት ዐርፎ፣ የቢሮዎም አየር እንደሚወዱት ቀዝቀዝ ብሎ ይህ ደብዳቤ እንዲያገኝዎ ምኞቴ ነው። ደብዳቤውን «በግቢው ውስጥ ማንኛውም ሞተር ይጠፋል» ከሚለው ማስታወቂያዎ ጎን የለጠፍኩት ደፍሬ እንዳይመስልዎ። ሰው ሁሉ ቆሞ የሚያነበው ቦታ እሱ ብቻ ስለሆነ፣ ተራ ስንጠብቅ ደግሞ ከማንበብ በቀር ሌላ ሥራ ስላልተውልን ነው።

እኔ ማለት ባለፈው በግቢዎ ውስጥ ዓሣ የሞቀበት ሹፌር ነኝ። ስሜን መጻፍ አያስፈልገኝም፤ ያን ዕለት «ባለሽታው» ብለው ያወጡልኝ ስም በጓደኞቼ ዘንድ ስለጸደቀ ማንም በሌላ አይጠራኝም። ወላጆቼ ስንት ተማክረው ያወጡልኝን ስም እርስዎ አፍንጫዎን እንደያዙ በአንድ አፍታ ስለተኩልኝ ዕድሜ ይስጥልኝ።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ከሥር ከመሠረቱ ላስረዳ። እርስዎማ የማቀዝቀዣ መጋዘን የሚመሩ ሰው ስለሆኑ አያውቁትም ብሎ መጠርጠር ነውር ነው። እኔ የምጎትተው ባለማቀዝቀዣ ተሳቢ ግንባሩ ላይ የራሱ ትንሽ ሞተር አለው። የመኪናው ሞተር ይጎትታል፣ ያኛው ያቀዘቅዛል። የመኪናው ሲጠፋ መንገድ ይቀራል፤ ያኛው ጠፍቶ ሲቆይ ግን ተሳቢው ጎማ ያለው ምድጃ ይሆናል።

ያን ዕለት የጫንኩት የታላቅ እህቴን ዓሣ ነበር። እታለም ነው የምላት፤ እናታችን ካረፈች ወዲህ አብልታ አጠጥታ ለወግ ያበቃችኝ እሷ ናት። ከጎረቤቶቿ ጋር ሆና በሐይቁ ዳር ከጀልባ ዓሣ ተረክባ፣ አጽድታ፣ አጥባ፣ በበረዶ ደርድራ ትሸጣለች። ሴቶቹ ዕድሜያቸውን ሙሉ በሳፋ ይዘው ሰፈር ለሰፈር ሲዞሩ ኖረው፣ የእርስዎን የሚያህል ትልቅ መጋዘን እንረከባችኋለን ሲላቸው ይህ የመጀመሪያቸው ነበር። እታለም ሳጥኖቹን አንድ በአንድ ራሷ አሽጋ፣ የተሳቢውን በር እንደ ልጅ ጀርባ መታ መታ አድርጋ «በል አደራ» አለችኝ። ለሌላ ሰው ጭነት ከመሪው ጀርባ ስቀመጥ እዘፍናለሁ፤ ያን ቀን ግን ትንፋሼን ይዤ ነው የነዳሁት።

እንግዲህ ምስጋናዬን በቅደም ተከተል ላቅርብ።

አንደኛ፤ ስለ ጸጥታው። ከበር እንደገባሁ ጋሼ ፊሽካ የምንላቸው የጥበቃ አዛውንት ፊሽካቸውን እየነፉ መጥተው ሁለቱንም ሞተር እንዳጠፋ ነገሩኝ። የመኪናውን ወዲያው አጠፋሁ። የማቀዝቀዣውን ግን፣ ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ ስለደከመ ከጠፋ ላይነሳ እንደሚችል፣ መካኒኬም «እስክታራግፍ እንዳታጠፋው፣ ስትመለስ እንቀይረዋለን» እንዳለኝ አፈር ስሆን ብዬ አስረዳኋቸው። ሽማግሌው አንጀታቸው እየራራ ወደ መስኮትዎ ቀና አሉ። መስኮቱ ተከፈተና የእርስዎ እጅ ወጥቶ አጥፋ የሚል ምልክት ሰጥቶ ተመልሶ ገባ። ጸጥታ ለማስከበር የተነፋው ፊሽካ ከሞተሬ ይበልጥ ይጮህ እንደነበር ማንሳት ከአንድ ሹፌር የሚጠበቅ ስላልሆነ አላነሳሁትም። አጠፋሁ። እውነት ለመናገር ደስ የሚል ጸጥታ ነበር፤ ዝንቦቹ ከሩቅ ሲመጡ ይሰሙ ነበር። ተራው አልንቀሳቀስ ሲል መልሼ ላስነሳ ብሞክር ሞተሪኖው ቀጭ ብሎ ዝም አለ። በቀዝቃዛ መጋዘን ግቢ ውስጥ ቅዝቃዜን በረባሽነት ከስሰው የፈረዱበት የመጀመሪያው ሰው እርስዎ ሳይሆኑ አይቀሩም፤ ለዚህ ክብር እንኳን አበቃዎ።

ሁለተኛ፤ ስለ ተራው። ምራቅ ቢተፉ በሚደርስበት ርቀት የመጋዘንዎ ቀዝቃዛ ክፍል በሩን ከፍቶ ባዶውን ይታየኝ ነበር። ማሽኔ ቆሟልና ዓሣው ይቅደም ብዬ ብልክብዎ «ተራው አልደረሰም» የሚል መልስ መጣልኝ። ከፊቴ ተራውን ይጠብቅ የነበረው መኪና የጫነው ባዶ የፕላስቲክ ሳጥን ነበር፤ እዚያው ፀሐይ ላይ ቢከርም ቅር የማይለው ሳጥን! ይቅርታ፣ ድምፄ ከፍ አለ፤ በግቢዎ ክልክል መሆኑን ዘንግቼው ነው። ይሄኔ ድንቡሼ የምንለው ባልደረባዬ፣ ጭነቱን አራግፎ ሊወጣ የተዘጋጀ፣ ተሳቢው ገና ብርዱን ያልለቀቀ፣ «ና የእህትህን ዓሣ ወደ እኔ እናዛውረው» አለኝ። ሹፌር ሁሉ እጅጌውን ሰብስቦ ተነሳ። እርስዎም በዚህ ሰዓት ደረጃውን ወርደው በመምጣት፣ ይህ ግቢ ማራገፊያ እንጂ መጫኛ አለመሆኑን፣ ባዶ መኪናም እዚህ እንደማይጫን፣ በትዕግሥት አስተማሩን። በሸክም ከበር እናውጣውና ውጭ ይጫን ስንልዎ ደግሞ ከግቢ ለሚወጣ ዕቃ ፈቃድ የሚሰጡት እርስዎ ስለሆኑ፣ እርስዎም ስላልሰጡ፣ ቀረ። ድንቡሼ እስከዛሬ ያን ቀን ሲያነሳ ምራቁን ነው የሚውጠው። ሲቆጣ እንኳ የሚስቅ ሰው ነበር፤ ለዚህም እናመሰግናለን።

ሦስተኛ፤ ስለ በሩ። እዚህ ላይ ምን ብዬ እንደማመሰግንዎ ጨንቆኛል። ቅዝቃዜ የገባው ተሳቢ ማሽኑ ቢቆምም በሩ እስካልተነካ ድረስ ብርዱን አምቆ ይቆያል። መካኒኩም ሞተሪኖ ይዞ እየመጣ በስልክ የነገረኝ «በሩን እንዳትነካ፣ ደረስኩ» የሚል ነበር። እርስዎ ግን የተሳቢውን ጎን በመዳፍዎ ዳሰስ አድርገው፣ ፊትዎ በርኅራኄ ተሞልቶ፣ «ታፍኖ ነው፤ ክፈቱትና ነፋስ ይግባለት፤ እኔም ቤቴ ሲሞቅ የማደርገው ይህንኑ ነው» አሉ። እጄን ዘርግቼ በሩ ላይ ቆምኩ። ጋሼ ፊሽካ በትእዛዝዎ፣ ዓይኔን ላለማየት አንገታቸውን ደፍተው፣ እኔን ገለል አድርገው ሁለቱንም መዝጊያ ወለል አደረጉት። ፀሐይዋ አናት ላይ ነበረች። ነፋሱ ትእዛዝዎን አክብሮ ገባ፣ ብርዱም ትእዛዝዎን አክብሮ ወጣ፣ እታለም የደረደረችው በረዶም ውኃ ሆኖ በተሳቢው ወለል ወርዶ ጫማዎን ስላረጠበው ከልብ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ልዝጋ ባልኩ ቁጥር «ገና አልነፈሰበትም» አሉኝ። ቆይቶ ነፋሱ መልሶ ወጣ፤ ሲወጣ ግን ብቻውን አልነበረም፤ ወደ መስኮትዎ ሽቅብ ሲያመራ ሁላችንም አፍንጫችንን ይዘን ሸኘነው። እርስዎም መስኮትዎን ዘግተው የቢሮዎን ማቀዝቀዣ ሲከፍቱ ሰማን። እሱም ሞተር አለው መሰለኝ፤ ሲጮህ ነው የሰማነው። መካኒኩ ደርሶ ማሽኑን ሲያስነሳው የቀረኝ ነገር የተበላሸ ዓሣ ማቀዝቀዝ ብቻ ነበር።

እስከዚህ ያለውን በእኔ ላይ እንደደረሰ ቆጥሬ፣ ስቄበት፣ ለባልደረቦቼ እያወራሁ ባለፍኩት ነበር። የሚቀጥለውን ግን ቁጥር ልሰጠው አልቻልኩም።

ማራገፊያው ላይ ቆመው፣ ሹፌር ሁሉ እየሰማ፣ «የመንደር ሴቶች ከሐይቁ የበሰበሰ ዓሣ ጭነው ላኩብን፤ ሁለተኛ ከእነሱ እንዳትረከቡ» አሉ። በሩን ያስከፈቱት እርስዎ እንደሆኑ ልናገር አፌን ስከፍት ፊሽካ ተነፋብኝ። ወሬ ደግሞ ማቀዝቀዣ አያስፈልገውም፤ ሳይበላሽ ከእኔ ቀድሞ ሐይቁ ዳር ደርሶ ጠበቀኝ። እታለም አልጮኸችብኝም፤ ብትጮህብኝ ምንኛ በወደድኩ። «በሩን ማን ከፈተው?» ብላ ብቻ ጠየቀችኝና ነገርኳት። ከዚያ ዓሣውን ደፍቼ አጥቤ የመለስኳቸውን ባዶ ሳጥኖች አውርዳ፣ ንጹሕ የነበሩትን ደግማ ደጋግማ ታጥብ ጀመር። ዛሬ እሷና ጎረቤቶቿ በሳፋ ይዘው ሲዞሩ ወደኖሩበት ሰፈር እንኳ ሲመለሱ፣ የዘመናት ደንበኞቻቸው ዓሣውን አንስተው አሽትተው «መጋዘኑ የመለሰው ነው እንዴ?» ይሏቸዋል። እጇን ከማንም ዓይን ፊት ደብቃ የማታውቅ ሴት አሁን ከነጠላዋ ሥር ትደብቃለች። ክቡርነትዎ፣ ሆዴ ተቃጥሏል። እኔን ባለሽታው ይበሉኝ፣ ስሙ ይመቸኛል፤ እሷን ግን አይንኩብኝ።

ስለዚህ የምለምንዎ አንዲት ነገር ብቻ ናት። ካሣ አልጠየቅኩም፣ ይቅርታም አይበሉኝ። በዚያው ማራገፊያ ላይ፣ በዚያው ድምፅዎ፣ ሹፌሮቹ ሁሉ በተሰበሰቡበት «ዓሣው ሲመጣ ደኅና ነበር፤ ሞተሩን ያስጠፋሁት፣ በሩንም ያስከፈትኩት እኔ ነኝ» እንዲሉልኝ ነው። ውሸቱን ለመናገር ከፈጀብዎ ጊዜ ብዙም አይበልጥም።

ይህን ሲያነቡ የሚሰሙት ድምፅ የእኔ ማሽን ነው። የእታለምንና የጎረቤቶቿን አዲስ ዓሣ ጭኜ፣ እሷንም ጋቢና ውስጥ አጠገቤ አስቀምጬ፣ ከመስኮትዎ ሥር ተራዬን ይዣለሁ። ጋሼ ፊሽካ ገና ስንገባ ፊሽካቸውን አፋቸው ላይ አድርገው መጥተው ነበር። እታለም መስታወቱን አውርዳ «እንደምን ዋሉ አባቴ፤ በሩን የከፈቱት እርስዎ ነዎት?» አለቻቸው። ሽማግሌው ፊሽካቸውን ኪሳቸው ከተቱና የተሳቢውን በር በጀርባቸው ደግፈው ቆሙ፤ እስካሁንም እዚያው ናቸው። ድምፁ ከአንድ ሞተር የበዛ ከመሰለዎ ጆሮዎ አልተሳሳተም፤ ድንቡሼና ከኋላው የተሰለፉት ሁሉ የእነሱንም አላጠፉም።

ለሚሰጡኝ ፈጣን መልስ ከወዲሁ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እያመሰገንኩ፣ ለጤናዎ፣ ለቤተሰብዎና በተለይም ለጆሮዎ ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁ፣ በእርስዎ ቸርነት ስም የወጣልኝ፣

የእታለም ወንድም፣
ባለሽታው ሹፌር።

ማሳሰቢያ፤ ደብዳቤውን ጨርሼ ልለጥፍ ስል፣ የቢሮዎ ማቀዝቀዣ ከጠዋት ጀምሮ ቀጭ ብሎ እንደቆመብዎ ሰማሁ፤ እጅግ አዝኛለሁ። መካኒኬ እዚሁ አለ፣ ግን ተራ አለበት፤ ተራ ደግሞ እርስዎ እንዳስተማሩን አይዘለልም። እስከዚያው ታፍነው እንዳይጎዱብን መስኮቱን ይክፈቱትና ነፋስ ይግባልዎ። ከከፈቱት አይቀር ያቺን አንድ ቃል ከዚያው ሆነው ቢናገሯት፣ በደንብ እንድትሰማ ሁላችንም ለአፍታ ሞተራችንን እናጠፋለን። ለዓሣው አይጨነቁ፤ ሞተሪኖዬ አዲስ ነው፣ መልሶ ይነሳል።