ግማሽ ጉብታ ለሠራችሁልን ክቡራን

ቀን፦ ግንቦት 13 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለላይ ጭንጫ እና ለታች ጭንጫ ቀበሌዎች
የመንገድ ትራፊክ ደኅንነት የጋራ አስተባባሪ ኮሚቴ
ባላችሁበት

ጉዳዩ፦ ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

ክቡራን ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሞ የከበረ ሰላምታዬ ለሁለቱም ቀበሌዎች እኩል በእኩል ተከፍሎ፣ አንዱ ከሌላው አንዲት ቃል ሳይበልጥበት ይድረሳችሁ። ለመሆኑ ጤናችሁ እንደምን ሰንብቷል? ስብሰባ የሚቀመጠው ወገባችሁ፣ ቃለ ጉባኤ የሚፈርመው እጃችሁ፣ አስፋልት ተሻግሮ የማያውቀው እግራችሁስ ደኅና ነው? ፈጣሪ ዕድሜና ጤናውን ያብዛላችሁ፤ እኛም እናንተ ያተረፋችሁልንን ያህል አለን።

እኔ ጠይብ ሙጂብ እባላለሁ። ከዳባት ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በከተማችን በጭንጫ በር፣ ከአስፋልቱ በታችኛው ጠርዝ፣ በረንዳ ላይ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የተቀመጥኩ ልብስ ሰፊ ነኝ። ፈይዛ የምትባል አንዲት ልጅ አለችኝ፤ ስምንተኛ ክፍል ናት፤ ዘንድሮ የሚኒስትሪ ፈተና ትፈተናለች። ቤታችን በታች በኩል፣ ትምህርት ቤቱ በላይ በኩል ነው። ስለዚህ ልጄ በቀን ሁለት ጊዜ በእናንተ በሁለታችሁ መካከል ታልፋለች። ይህን ደብዳቤ የምጽፈውም ስለዚህ መካከል ነው።

ደብዳቤው እጁ የሚገባ የሩቅ ሰው ግራ እንዳይገባው ላስረዳ። ከተማችን ለሁለት ቀበሌ ስትከፈል ወሰን ሆኖ የተመረጠው በአስፋልቱ መሐል የተሰመረው ነጭ መስመር ነው። በእኛ አገር ደግሞ ድንበር መግፋት ቀላል ነገር አይደለም፤ በስንዝር መሬት ወንድማማቾች ይቋሰላሉ፣ ድንበር የገፋ ሰው በቄስም በሼህም ይረገማል። እናንተም የዚያው የገበሬ ልጆች ናችሁና አስፋልቱን እንደ ማሳ አያችሁት። ከዚህ ቀጥሎ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ስለ ጉብታው። ከሦስት ዓመት በፊት ላይ ጭንጫ ቀበሌ የተሽከርካሪ ፍጥነት አሳስቦት የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ስላሠራልን ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው። ጉብታው የተሠራው በቀበሌው ወሰን ውስጥ፣ ማለትም ከደባርቅ የሚወርዱ መኪኖች በሚያልፉበት ግማሽ አስፋልት ላይ ሲሆን፣ ነጩ መስመር ላይ ሲደርስ በቢላ እንደተቆረጠ ድፎ ዳቦ ቀጥ ብሎ ቀረ። ግንበኛው ሰጠኝ ሲሚንቶና ጠጠር ተርፎት ኖሮ በዚያው ልጨርሰው ብሎ አካፋውን ወደ እኛ በኩል ቢያሻግር፣ የታች ጭንጫው ተወካይ ከሻይ ቤት እየሮጡ መጥተው «ድንበር ገፋህ!» ብለው አስቆሙት፤ የላይ ጭንጫውም ተወካይ «በሰው ወሰን ምን ጥልቅ አደረገህ?» ብለው ገሠጹት። ሰጠኝ እጁን ታጥቦ ሄደ። ሾፌር ደግሞ ሞኝ አይደለም። ከደባርቅ ቁልቁል የሚመጣው ሁሉ ጉብታው ጋ ሲደርስ መሪውን ወደ ግራ ሰበር አድርጎ፣ በእኛ በኩል ባለው ለስላሳ ግማሽ፣ ፍጥነቱን ሳይቀንስ መብረር ጀመረ። ከጉብታው በፊት መኪና የሚመጣበትን አቅጣጫ እናውቅ ነበር፤ ከጉብታው በኋላ ከየትም ሆነ።

፪. ስለ ቀለሙ። ታች ጭንጫ ቀበሌም በበኩሉ ከጎረቤቱ ላለማነስ በራሱ ግማሽ ላይ የእግረኛ ማቋረጫ ስላስቀባ አመሰግናለሁ። ነጫጮቹ ሰረዞች መሐል አስፋልት ላይ ስለሚያልቁ፣ እግረኛው እስከዚያ ድረስ የታች ጭንጫ ሰው፣ ከዚያ ወዲያ የፈጣሪ ሰው ነው። ጉብታው ይቀጠልልን ባልን ቁጥር ለሚቀጥለው በጀት ዓመት ታቅዷል ትሉናላችሁ፤ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ይባላልና ሁለት ቀበሌ ሲተከልልን ደስ ብሎን ነበር። አሁን ባላዎቹ ሁለቱም ደኅና ናቸው። የተሰበርነው እኛ ነን።

፫. ስለ አያ ገሠሠ። በድሮው የቀበሌ ፍርድ ሸንጎ ዳኛ የነበሩት፣ ሰባ ሦስት ዓመት የሆናቸው አያ ገሠሠ፣ ማንም ሳይሾማቸው ጠዋት ተማሪ ሲገባ፣ ቀትር ላይ ተማሪ ሲወጣ፣ ቅዳሜ ደግሞ ገበያተኛ ሲሻገር ነጩ መስመር ላይ ይቆሙ ጀመር። ከኮት ገበር ከተረፈ ቀይ ጨርቅ ባንዲራ የሰፋሁላቸው እኔ ነኝ፤ ወንጀል ከሆነ ተባባሪ ነኝ። መኪና ሲመጣ ባንዲራውን ከፍ አድርገው፣ ችሎት ላይ እንዳሉ ሁሉ ድምፃቸውን ዘለግ አድርገው «በሕግ አምላክ! ቁም!» ይላሉ። በሕግ አምላክ ሲሉት እንኳን ሰው ወራጅ ውኃ ይቆማል የሚለውን ተረት እሰማ ነበር እንጂ ሃያ ቶን የጫነ መኪና ይቆማል ብዬ አልገመትኩም ነበር። ይቆማል፤ አይቻለሁ። አንዳንዱ ሾፌር እየሳቀ ነው የሚቆመው፤ አንዳንዱ ኮፍያውን ያነሣል፤ አንዳንዱ ይሳደባል፤ ብቻ ይቆማል። ሁለት ዓመት ከአራት ወር አንድ ሰው አልተነካም። ልጄ ፈይዛ እና የክፍል ጓደኛዋ እስከዳር ተያይዘው፣ እያወሩ፣ ወዲህ ወዲያ ሳያዩ ይሻገሩ ነበር፤ የሚያይላቸው ሰው ነበራቸውና።

፬. ስለ ደብዳቤያችሁ። በጉብታ፣ በቀለም፣ በቆሻሻ ገንዳ ሳይቀር ተስማምታችሁ የማታውቁ ሁለት ቀበሌዎች በሚያዝያ ወር መጀመሪያ በአንድ ደብዳቤ ላይ ሁለት ማኅተም ጎን ለጎን አሳርፋችሁ ሳይ፣ አለቀልን፣ ታረቁልን ብዬ ነበር። ደብዳቤው አያ ገሠሠ «ያለ ሥልጠናና ያለ ሥልጣን ተሽከርካሪ ከማስቆም ተግባራቸው ከዛሬ ጀምሮ እንዲታቀቡ» የሚያዝ ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት ከእናንተው መካከል አንዱ ክቡር በሕግ አምላክ ተብለው መቆማቸው ክብራቸውን እንደነካው ሰምተናል፤ ደብዳቤው ከዚያ ጋር ግንኙነት እንደሌለው በማመን እዘጋዋለሁ። ደብዳቤው ለአያ ገሠሠ የተሰጣቸው ጸሎተ ሐሙስ ዕለት፣ ከስግደት ሲወጡ ነው። ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከዚያም ወደ እኔ መጥተው ባንዲራውን በአራት አጥፈው አስረከቡኝና «ሰውን በሕግ ስጠራ የኖርሁ ሰውዬ ነኝ ጠይብ፤ ሕግ ሲጠራኝ አልሰማሁም ልበል?» አሉ። ሕዝቡ ይቁሙ ብሎ ለመናቸው። አልቆሙም። እናንተ ባወጣችሁት ሕግ ከልቡ ያመነ ሰው በከተማችን አንድ ብቻ ነበር፤ ያንኑ አገኛችሁት።

፭. ስለ እስከዳር። ትምህርት ቤቱ ከበዓል በኋላ በተከፈተ በሁለተኛው ቀን፣ ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ሊሆን ሲል፣ እስከዳር በእኛ ጠርዝ ላይ ቆመች። ልጄ ጫማዋን ልታስር ጎንበስ ብላ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ቀርታ ነበር። እስከዳር በትምህርት ቤት እንደተማረችው መጀመሪያ ወደ ግራ፣ ከዳባት መኪና ወደሚወጣበት አየች። ባዶ ነበር። ገባች። አንድ የጭነት መኪና ግማሹን ጉብታ ሸሽቶ፣ በማይሄድበት መስመር፣ ከቀኟ መጣ። እኔ ከስፌት መኪናዬ ተነሥቼ እስክደርስ አልቆ ነበር። ትክክለኛውን አድርጋለች፤ ይህን እናቷ ወይዘሮ ዓለምዬ ደግማ ደጋግማ ትጠይቀኛለች፣ እኔም ደጋግሜ እነግራታለሁ፤ ልጅሽ ያስተማሯትን ነው ያደረገችው። በዚህ ቁጥር ሥር የማቀርበው ምስጋና የለኝም። አዝኛለሁ፣ ተቆጥቻለሁ። ይኸው ነው።

፮. ስለ ልኬታችሁ። ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ በሦስተኛው ቀን ሜትር ይዛችሁ መጥታችሁ አስፋልቱን ስለለካችሁ አመሰግናለሁ። የመለካት ሙያ አለኝና ልኬታችሁን በጥሞና ተመለከትኩ። መኪናው የመታት ከነጩ መስመር ስድሳ ሳንቲሜትር ወዲህ፣ በታች ጭንጫ ነው፤ የወደቀችው ግን አንድ ሜትር ከሠላሳ ወዲያ፣ በላይ ጭንጫ ነው። ላይ ጭንጫ «አደጋው የደረሰው በእናንተ ነው» አለ፤ ታች ጭንጫ «ሾፌሩ የሸሸው የእናንተን ጉብታ ነው፣ ልጅቱም የሞተችው በእናንተ መሬት ነው» አለ። ክርክሩ ሁለት ሰዓት ፈጀ። ወይዘሮ ዓለምዬ ከሐዘን ቤቱ ደጃፍ ቆማ ትሰማ ነበር። በሕይወት ሳለች በታች ጭንጫ የነዋሪዎች መዝገብ ላይ የነበረች ልጅ፣ ስትሞት ባለቤት እንደምታጣ ከእናንተ ተማርኩ። በመጨረሻም የወሰን ትርጉም እንዲሰጣችሁ ለበላይ አካል ለመጻፍ ወስናችሁ ተነሣችሁ። መልሱ እስኪመጣ እስከዳር የማንም አይደለችም።

፯. ስለ መፍትሔያችሁ። የአደጋው ምክንያት ጉብታው ግማሽ መሆኑ እንደሆነ ኮሚቴው በጥናት ደርሶበታል፤ እኛም ያለ ጥናት ደርሰንበት ነበርና ተገናኘን። ግማሽ ከሆነ ሙሉ ማድረግ ነዋ ብለን ሲሚንቶ ስንጠብቅ፣ ያለፈው ሐሙስ ዶማ ይዛችሁ መጣችሁ። ያለው ግማሽም ፈርሶ ሁለቱ ቀበሌዎች እኩል ሆኑ። አንዱ ሌላውን የሚበልጥበት ጉብታ ባለመኖሩ በመካከላችሁ ሰላም ወርዷል። መኪናውም በሁለቱም በኩል እንደልቡ ይወርዳል፣ እንደልቡ ይወጣል። ፍትሕ ማለት ይህ ነው።

ክቡራን፣ ከእስከዳር ሞት በኋላ ልጄን እጇን ይዤ የማሻግራት እኔ ነኝ። አሥራ አራት ዓመት የሞላት ልጅ በጓደኞቿ ፊት እጇን ተይዛ ስትሻገር ምን እንደሚሰማት አባት ያውቃል፤ እሷ ግን አንድ ቀን አላጉረመረመችም። ጣቶቼን አጥብቃ ትይዝና ዓይኗን ትጨፍናለች። ከትናንት በስቲያ ዓርብ ነጩ መስመር ላይ ደርሰን ሳለ፣ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች ሁለት መኪኖች እየተሽቀዳደሙ መጡና በመካከላቸው ቀረን። ንፋሳቸው ነጠላዋን ገፎ ወሰደው። ወዴት ልጎትታት? ወደ ላይ ነው ወደ ታች? አላወቅሁም። እውነቱን እናገራለሁ፣ እኔ አባቷ አላወቅሁም። መኪኖቹ ካለፉ በኋላ እጄን ለቀቀችና ወደ ቤት ዞረች። «አባዬ፣ በቃኝ» አለችኝ።

አያ ገሠሠን ሄጄ ለምኛቸው ነበር። ከቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው። ቀና ብለው አላዩኝም። «እኔ ብቆም ኖሮ…» አሉ። ያንን ዐረፍተ ነገር ማን እንደሚጨርሰው እናንተ ታውቃላችሁ፤ ምናልባት ግማሹን ላይ ጭንጫ፣ ግማሹን ታች ጭንጫ።

እንግዲህ አንዳች ነገር ታደርጋላችሁ ብዬ አይደለም የጻፍኩት፤ ውኃ ቢወቅጡት ያው እንቦጭ ነው። የጻፍኩት ስታልፉ የሚነበብ ነገር ይኑር ብዬ ነው። ቅጂውን በሁለቱም ቀበሌዎች የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ፣ ለእያንዳንዳችሁ አንድ አንድ፣ በእኩል ከፍታ እለጥፈዋለሁ።

ለስብሰባችሁ ረጅም ዕድሜ፣ ለማኅተማችሁ የማይደርቅ ቀለም፣ ለወንበራችሁ የማይነቃነቅ እግር እየተመኘሁ፣ ወሰን ሳልገፋ፣ ከጠርዜ ሳልነቃነቅ፣ ለሁለታችሁም እኩል በማጎንበስ የምሰናበታችሁ፣

ጠይብ ሙጂብ
ልብስ ሰፊ፣ ጭንጫ በር

ግልባጭ፦
ለላይ ጭንጫ ሕዝብ
ለታች ጭንጫ ሕዝብ
ቁልቁል ለሚወርዱ ሾፌሮች በሙሉ (ቆመው ማንበብ ከፈለጉ)

ማሳሰቢያ፦ ሰኔ መጨረሻ ላይ የሥራ ክንውን ሪፖርት እንደምታቀርቡ አውቃለሁ። ፈይዛ ከነገ ሰኞ ጀምሮ ትምህርት ቤት አትሄድም፤ ፈተናውም ቀርቷል። ስለዚህ በዚህ ዓመት አስፋልቱን የሚሻገሩ ተማሪዎች ቁጥር በሁለት ቀንሷል ብላችሁ ብትጽፉ ሐሰት አይሆንባችሁም። አንዷን ያስቀራት መኪና ነው፣ ሌላዋን አባቷ።