የነቀልኩት ገመድ

መነጽራቸውን አድርገው ለሚያነቡት ለአባባ ይድረስ፤

እንደምን ከረሙልኝ? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? ደረጃውን ያለ ምርኩዝ መውጣት ጀመሩ ወይስ እንደ ድሮው እየተራገሙ ነው የሚወጡት? እማዬስ ደም ግፊቷ ተረጋጋላት? እኔ አለሁ፤ እንዲያውም ወፍሬያለሁ።

ሥራሽ ምንድን ነው ብለውኝ ነበር። ሲንተሳይዘር የሚባል፣ በኤሌክትሪክ ድምፅ የሚያወጣ የሙዚቃ መሣሪያ እንገጣጥማለን። እኛ የምንገጣጥመው ዓይነት በጣት የሚመታ ነገር የለውም፤ ፊቱ በሙሉ ቀዳዳ ነው። አንዱ ክፍል ድምፅ ያወጣል፣ ሌላው ያለዝበዋል፣ ሌላው ከፍ ዝቅ ያደርገዋል። ከቀዳዳ ቀዳዳ አጫጭር ባለቀለም ገመድ እየሰካን እናገናኛቸዋለን። ጠረጴዛዬን ቢያዩት የተተረተረ ሹራብ ይመስላል።

ባለፈው ሰኞ ታዲያ ጉድ ሆንኩልዎ! ደህና ሲጮኽ የነበረው መሣሪያ እጄ ላይ ዝም አለ። መብራቱን አየሁ፣ ድምፅ ማጉያውን ቀየርኩ፤ ጭጭ። ሳቂታዋ አለቃዬ መጥታ አንዲት ቢጫ ገመድ መዘዝ ስታደርግ መሣሪያው እሪ አለ፤ እኔም አብሬው። ለካ ክፍሎቹ ቀድሞውኑም በውስጥ በኩል የተገናኙ ናቸው። ቀዳዳው ላይ ገመድ ሲሰካ የውስጡ መንገድ ይቋረጣል። እኔ ደግሞ አንዱን ጫፍ ሰክቼ ሌላውን አየር ላይ ትቼዋለሁ! የተገናኙትን ላገናኝ ገብቼ እንደለያየኋቸው ነገረችኝና እንባዋ እስኪወርድ ሳቀችብኝ።

እኔም ሳቅሁ። በኋላ ግን የእርስዎና የአቡሽ ነገር ትዝ አለኝና ሳቁ ጠፋብኝ። ሬዲዮዎን እጠግናለሁ ብሎ ፈታትቶት፣ ሲገጥመው ሦስት ብሎን ከተረፈው ጀምሮ እንደተኳረፋችሁ ናችሁ። ጥፋቱ የታናሽ ወንድሜ ነው፣ አልካድኩም። ግን በአንድ ጣሪያ ሥር እየኖራችሁ፣ እርስዎ ማታ በሩን ይዝጋ በይው ብለው ለእኔ ይጽፋሉ፤ እሱ ለአባባ ባትሪ ገዝቻለሁ በይልኝ ይለኛል። መልእክቱ ባሕር ተሻግሮ እስኪመለስ በሩ ስንቴ ክፍት አደረ! እማዬስ ገና ከጅምሩ የማንም ፖስተኛ አይደለሁም ብላ ተገላገለች። እኔ ሞኟ ግን የማስታርቃችሁ መስሎኝ መሃላችሁ ተሰክቼ ቀረሁ።

አሁን ተነቅያለሁ፣ አባባ። የመጨረሻውን ላድርስና ልውጣ፤ አቡሽ ቤት ተከራይቷል፣ በወሩ መጨረሻ ሊወጣ ነው። ንገሪልኝ ያለኝ ይህን ነው። ራሱን መቻሉ ደስ ይለኛል፤ ከእርስዎ ጋር እንደተኳረፈ መውጣቱ ግን አንጀቴን ይበላኛል። መልሱን እባክዎ ለእኔ እንዳይጽፉልኝ።

እማዬን ጉንጯን ይሳሙልኝ። አክስቴን፣ ተከራይዋን ልብስ ሰፊ፣ ያቺን ሌባ ድመት ሳይቀር ሰላም ይበሉልኝ። ለአቡሽ ሰላምታ አልልክም። ከእርስዎ የሚለየው አንድ ግድግዳ ነው፤ ያንኳኩለት።

ልጅዎ
ከመገጣጠሚያው ክፍል፣ ገመድ ከሞላው ጠረጴዛ
ጥቅምት 12 ቀን